በእናቴ በረንዳ ላይ የሚኖረው ሰፈር

ሚስቴ የእናቴን ቤት ልታስፈርስ ነው ተብሎ በተወራ ሰሞን፣ ወሬውን ከሁሉም ዘግይቼ የሰማሁት እኔ ነኝ። ነገር ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ላይ ሁለቱም በአንድ ዓመት ደርሰዋል። ሥራዬ ቁልፍ መሥራት ነው። ሱቄ ጠባብ ናት፤ ቁልፍ የጠፋበት ሁሉ ይመጣል፣ እስኪሠራለትም ቆሞ ያወራል። ያን ቀን አንድ ደንበኛ፣ የማን ልጅና የማን ባል እንደሆንኩ ሳያውቅ፣ «ላይ ሰፈር አንዲት ምራት አማቷን በኮምፒውተር ልታስነሳት ነው አሉ» አለኝ። ቁልፉን ሞርጄ ሰጠሁት። ቁልፉ በሩን አልከፍት ብሎት በማግስቱ ተመልሶ መጥቷል።

ሚስቴ የከተማው ጤና ቢሮ ውስጥ ካርታ ትሠራለች። የትኛው ሰፈር ትኩሳት እንደበዛ፣ የትኛው ሰፈር ልጆች ክትባት እንዳልደረሳቸው፣ ከየቤቱ ተነስቶ ሐኪም ጋ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ይህን ሁሉ ነጥብ በነጥብ ኮምፒውተር ላይ ታስቀምጠዋለች። አለቆቿ ነጥቦቹን አይተው መድኃኒቱን ወዴት እንደሚልኩ፣ ነርሷን የት እንደሚመድቡ ይወስናሉ። ለእናቴ ይህን ሁሉ በደንብ አስረድቻት ስጨርስ፣ «ካርታ ለሚጫወትም ደመወዝ ይከፈላል እንዴ?» አለችኝ።

ሚስቴን «እዚሁ ነው» ወይም «ትንሽ ይርቃል» ብላችሁ አታመልጧትም። ገና ሳንጋባ እናቴ ዘንድ ያመጣኋት ቀን፣ እናቴ ለወግ ያህል «ቤታችሁ ሩቅ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። «በእግር ነው በመኪና?» አለች ሚስቴ። «በእግር» አለች እናቴ። «ሕፃን ታዝሎ ነው ወይስ ባዶ እጅ?» እናቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ይቺ ልጅ ፖሊስ ናት?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በመካከላቸው የነበረው ነገር ፀብ አይባልም። ፀብ ቢሆንማ አስታራቂ ይገኝለት ነበር።

አስታራቂ እንዳይገኝ ደግሞ የሰፈሩ አስታራቂ ራሷ እናቴ ናት። ሰዉ «ሊቀመንበሯ» ይላታል፤ የመረጣት ግን የለም። ውሃ ሲቋረጥ አቤት የሚባለው እሷ ጋ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚታረቁት እሷ በረንዳ ላይ ነው፤ የመታረቅ ሐሳብ ያልነበራቸውም ይታረቃሉ። ቤቱን በእጁ የሠራው ሟቹ አባቴ ነው። ግድግዳው ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሏል፤ እናቴ ግን «የዘመመው መንገዱ ነው» ትላለች። እኔና ሚስቴ ከተጋባን በኋላ ጥቂት ወራት አብረናት ኖረን ነበር። በኋላ እናቴ «አንድ ጓዳ ሁለት ሴት አይችልም» ብላ ፈረደችና ወጥተን ተከራየን። ይግባኝ አልነበረውም።

የነገሩ መነሻ እናቴ በምትኖርበት በላይ ሰፈር ጤና ጣቢያ ይሠራ መባሉ ነው። በጀቱ ለአንድ ብቻ ይበቃል፤ ስለዚህ ቦታው በደንብ መመረጥ ነበረበት። ቢሮው ስልክ የያዙ መዝጋቢዎች ላከ። እነሱም እያንዳንዱ ቤት የት እንዳለና ስንት ሰው እንደሚኖርበት መዝግበው አመጡ። ሚስቴ መዝገቡን ለፕሮግራሙ ሰጠችው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ሕዝቡ በጠቅላላው ያነሰ መንገድ የሚሄድበትን ቦታ ፈልጎ ቀይ ምልክት ያደርጋል። አለቆቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ ግድግዳው ላይ በተንጣለለው የሳተላይት ፎቶ፣ ምልክቱ እናቴ ጓዳ ላይ አረፈ። የልብስ ማስጫ ገመዷ ሳይቀር ይታይ ነበር አሉ።

«የማን ቤት ነው?» አሉ የቢሮው ኃላፊ።

«የአማቴ» አለች ሚስቴ።

ከዚያ ኃላፊው ብድግ ብለው፣ ሠራተኛ ማለት እንዲህ ነው፣ ዘመድ አዝማድ ሳይል የሚሠራ ይሸለማል እንጂ አይወቀስም ብለው ረጅም ንግግር አደረጉ። የራሳቸውን አማት ቤት እያሰቡ ሳይሆን አይቀርም፣ ፊታቸው ፈክቶ ነበር ብላኛለች።

ይህን የነገረችኝ ራት ላይ ነው። «ጤና ጣቢያው እናትህ ጓዳ ላይ ወደቀ» አለችና መብላቷን ቀጠለች።

«ትንሽ ብታንቀሳቅሺውስ?» አልኳት።

«ወዴት?»

«ወደ ጎረቤት።»

«ጎረቤቱስ እናት የለውም?»

የቆረሰችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችና፣ «እንደገና ባየው ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «አንድ ነገር ቅር ብሎኛል። ግን የሌላ ሰው ቤት ቢሆን ኖሮ እንደገና አየው ነበር? አላየውም። ስለዚህ ተውኩት።» ሚስቴን የማደንቃትም፣ አንዳንዴ በትራስ ላፍናት የሚያምረኝም በዚሁ ጠባይዋ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ቀያሽ መጥቶ እናቴ ግቢ መሀል ቀይ የተቀባ ችካል ተከለ። ለቤቷ ምትክ የተባለው የከተማው ጫፍ ላይ ያለ ባዶ መሬት ነው። እናቴ በዚያ ዕድሜዋ ጎረቤት የማታውቅበት ሜዳ ላይ ቤት ልትጀምር ነው። ቀያሹን አልሰደበችም። ሲሄድ የታጠበ አንሶላ አመጣችና ችካሉ ላይ አሰጣች። ከዚያ እኔን አስጠራችኝ።

«አንተ፣ ልጄ ነህ ባሏ?»

«ሁለቱንም ነኝ እማዬ።»

«አንዱን ምረጥ።»

የማንንም በር መክፈት የምችል ሰውዬ፣ የእናቴን በር ከውጭ ዘግቼ ሄድኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሚስቴን ይዣት ሄድኩ። እሳትና ጭድ አንድ ክፍል ማስገባት ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም እናቴ ብቻዋን አንሶላ ከተሰጣበት ችካል ጋር ተፋጣ መዋሏ አንጀቴን በላው። ቤት ለእሷ ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ አባቴ በሩን ሲያቆም ጎበጥ ብሎ ያያትን አስተያየት ሳይቀር ታስታውሳለች።

በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ለእኔ ወንበር፣ ለሚስቴ ዱካ ተሰጠ።

«አንቺ፣» አለቻት እናቴ፣ «በምላስሽ ያቃተሽን በጣትሽ ጨረስሽው።»

«እማማ፣ እኔ አይደለሁም። የቤቱ ብዛት ነው ወደዚህ የሳበው።»

«ብዛት! ያን ብዛት ማን ሰበሰበላችሁ? እኔ አይደለሁም? እነዚያ ስልክ ያንጠለጠሉ ልጆች ፀሐይ አናታቸውን ሲበሳቸው አሳዝነውኝ፣ ‹ምን ያንከራትታችኋል፣ እዚህ ጥላው ውስጥ ቁጭ በሉ፣ ሰዉን እኔ እጠራላችኋለሁ› ብዬ፣ ውሃ አጠጥቼ፣ ሰፈሩን አንድ ባንድ አስጠርቼ አስመዘገብኩ። ውለታዬ ችካል ሆነ!»

ሚስቴ ቀና አለች። «እዚህ በረንዳ ላይ ነው የተቀመጡት?»

«ታዲያ የት ይቀመጡ?»

«ወደ ቤቶቹ አልሄዱም?»

«እኔ እያለሁ ለምን ይሄዳሉ?»

ሚስቴ ሳቀች። በዚያ ቤት ውስጥ ስትስቅ ሰምተናት ስለማናውቅ እናቴም እኔም ደነገጥን። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «አመማት እንዴ?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መዝጋቢው እያንዳንዱ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ስልኩን መጫን አለበት፤ ስልኩ ያኔ መዝጋቢው የቆመበትን ቦታ ከሳተላይት ተቀብሎ የቤቱ ቦታ ብሎ ይይዛል። እነሱ ግን የእናቴን ውሃ እየጠጡ፣ ሁሉንም ቤት ከተቀመጡበት ሳይነሱ ያዙት። ስለዚህ በኮምፒውተሩ ዓይን፣ ከላይ መንገድ እስከ ወንዙ ዳር ያለው ሕዝብ፣ ልጅ አዋቂው፣ እናቴ በረንዳ ላይ ነው የሚያድረው። ነጥብ በነጥብ ላይ ሲደረብ ደግሞ ለሚያየው አንድ ነጥብ ነው። ሚስቴን ቅር ያላት ይኸው ነበር፤ ሰፈሩ በቤት ተጨናንቆ ሳለ ካርታው ላይ ጭር ማለቱ። ምሁራኑ ሁሉ ግድግዳ ላይ አፍጥጠው ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅሙ ነበር።

«ታዲያ ጥፋቱ የኔ ነው ልትይኝ ነው?» አለች እናቴ፣ በተረዳች ጊዜ።

«የልጆቹ ነው እማማ። ሳላጣራ የተቀበልኩት እኔም አለሁበት።»

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚለው ተረት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። የእናቴን ፊት አየሁና ዋጥኩት።

ሰኞ ሚስቴ ስህተቱን ለኃላፊው ስትነግር፣ ያን ፈካ ያለ ፊታቸውን አላገኘችውም። «ባለፈው የአማትሽን ቤት ሰጠሽ ብዬ አመሰገንኩሽ» አሉ። «አሁን ስህተቱ ተገኘ፣ የተገኘውም ቤቱን የሚያድን ሆኖ ነው። ሰው ምን ይላል?» ሰው የሚለውን ሚስቴም ታውቀዋለች። በመጨረሻ እንዲህ ብለው ወሰኑ፤ በራሷ የዕረፍት ቀን ዞራ ሰፈሩን እንደገና ትመዝግብ፤ ሲያልቅ እሳቸው የፈለጉትን ቤት መርጠው ራሳቸው ሄደው ያጣራሉ፤ አንዷ ነጥብ እንኳ ከተሳሳተች ችካሉ ካለበት ንቅንቅ አይልም።

በዕረፍት ቀኗ ማለዳ፣ ላይ ሰፈር ስንደርስ እናቴ ጃንጥላዋን ይዛ በር ላይ ትጠብቀናለች።

«እርስዎ ይረፉ እማማ» አለች ሚስቴ።

«ያለ እኔ ማን ይከፍትልሻል? እዚህ ሰፈር ለእንግዳ በር አይከፈትም፣ ውሻ ነው የሚፈታው።»

እኔ ውሃ ተሸካሚ ሆንኩ። መጀመሪያ ላይ እናቴ እንደ ልማዷ መንገድ መሀል ቆማ «ኧረ ውጪ፣ ነይ ተመዝገቢ!» እያለች ትጣራ ነበር። «አይጥሩ እማማ፤ እኛ እንሂድ» ትላታለች ሚስቴ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተከለከለች በኋላ ገባት። ከገባት በኋላ ደግሞ የሚያቆማት ጠፋ። ሊቀመንበሯን አይቶ ሊቀበላት ከደጁ ብቅ ያለውን ሁሉ «ተመለስ! ደጃፍህ ላይ ቁም! ነጥቡን ታበላሸዋለህ!» እያለች አባረረችው። ሰላም ሊላት እጁን የዘረጋ አንድ ጎረቤት እጁን እንደዘረጋ ወደ ኋላው ሲሄድ አይቻለሁ።

ቁልቁለቱን ስንጀምር እናቴ ማነከሷን አየሁ። የጉልበቷን ሕመም ለካ ደብቃን ኖራለች። ሚስቴ በየማዕዘኑ መቆም ጀመረች። «ትንሽ እንቁም እማማ፣ ሳተላይቱ አልያዘልኝም» ትላለች፤ እናቴም ሳተላይቱን እየረገመች ድንጋይ ላይ አረፍ ትላለች። በሚስቴ ትከሻ በኩል አጮልቄ ስልኩን አየሁት። ሳተላይቱ ከያዘ ቆይቷል። ሚስቴ ስትዋሽ መጀመሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው፣ ያን ቀን ደግሞ ደጋግማ ዋሸች።

ወንዙ ዳር የልብስ ሰፊዋ ቤት አለ። ልብስ ሰፊዋ የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ናት፤ የእኔን የትምህርት ቤት ሱሪዎች ሁሉ የሰፋችልኝ እሷ ናት። የምዝገባው ቀን እናቴ ብታስጠራት አልመጣችም፤ እናቴም «ንቃኝ ነው» ብላ ከዚያ ወዲህ ስሟን አላነሳችም። «እዚህ ቤት እናንተ ግቡ፣ እኔ ውጭ እቆያለሁ» አለች እናቴ አሁንም። ሚስቴ አንኳኳች። «ግቡ፣ ክፍት ነው» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ።

አልጋዋ መስኮቱ ሥር ተደርጓል። የስፌት መኪናው ጨርቅ ለብሶ ጥግ ቆሟል። ልብስ ሰፊዋ ወድቃ ዳሌዋን ተሰብራ አልጋ ላይ ከዋለች ከርማለች። ሐኪም ቤት ስትሄድ ጎረቤቶቿ በወንበር ተሸክመው ዳገቱን ያወጧታል፤ ሰው ላለማስቸገር ብላ ቀጠሮዋን እየዘለለች ነው። እናቴ ድምፅዋን ሰምታ ደጃፉ ላይ መጥታ ነበር።

«ለምን አላክሽብኝም?» አለቻት።

«ብልክብሽ በወንበር አሸክመሽ በረንዳሽ ድረስ ታስመጪኝ አልነበር?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አንቺን አላውቅሽም?»

እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። «ሰፈሩ ሁሉ መጣልኝ ብዬ ነበር እኮ» አለች፣ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ። ያኔ እኔም ገባኝ። እናቴ በረንዳ ድረስ መምጣት የቻለው ሁሉ ተመዝግቧል። መምጣት ያቃተው፣ ጤና ጣቢያው ከማንም በፊት የሚያስፈልገው ሰው ግን ተሳስቶ እንኳ አልተመዘገበም። በጣም አዘንኩ፤ የያዝኩትን ውሃ ለማን እንደምሰጥ ጠፍቶኝ ራሴ ጠጣሁት። ሚስቴ ወደ ደጃፉ ተመልሳ ቆመችና ስልኩን ተጫነች። እንደዚህች ያሉ ቤቶች ቁልቁለቱ ላይ ሌሎችም አገኘን። ሁሉንም በር አዳረስን።

አዲሱ ምልክት ወንዙ ዳር፣ ከልብስ ሰፊዋ ቤት አለፍ ብሎ፣ ቆሻሻ ሲጣልበት የኖረ የከተማው ባዶ መሬት ላይ አረፈ። ኃላፊው እንዳሉት ራሳቸው ወርደው ቤቶቹን አጣሩ። የመረጧቸው ነጥቦች ሁሉ ልክ ሆኑ። የአንደኛው ቤት ውሻ ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው በታች ወስዶታል፤ ያም ቢሆን ፈረሙ። ቀያሹ ችካሉን ሊነቅል ሲመጣ እናቴ የልብስ ገመዷን አስራበት አገኘው። «ተወው፣ ጠንካራ ነው» አለችው።

ቤቷ መትረፉን ሚስቴ ራሷ ነግራታለች። እናቴ ጣሪያውንም ግድግዳውንም አንዴ አየች። ከዚያ፣ «ስለዚህ ጤና ጣቢያውን ከእኔ አራቅሽው በይኛ» አለች። «በዚህ ጉልበቴ ዳገት ቁልቁለት ስል መንገድ ላይ እንድቀር ነው።» መጀመሪያ ቤቷ ላይ አምጥታ ጣለችባት፣ አሁን ደግሞ ወሰደችባት። ምራት መሆን እንዲህ ያለ ሥራ ነው፤ ደመወዝም የለው።

ሚስቴ ግን ለመከራከር አልነበረም የመጣችው። «እማማ፣ አንድ ቤት ጎድሎኛል» አለች። «የሁሉም ቤት አለ፣ የእርስዎ የለም። መዝጋቢዎቹ ሰፈሩን ሁሉ በእርስዎ አስጠርተው ሲመዘግቡ እርስዎን የጠየቀዎት የለም። እኛም ያን ቀን ከዚህ ተነስተን ከሌላው በር ጀመርን። እንደ ካርታው ከሆነ እዚህ ቤት ማንም አይኖርም።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ቁጣው ሁሉ ከፊቷ ጠፋ። ሰው አስመዝጋቢዋ፣ ሰው አስታራቂዋ፣ ያንን ሁሉ ዓመት የኖረችበት ቤት ማንም አይኖርበትም ተባለች። ሚስቴ ሄዳ ደጃፉ ላይ ቆመች፣ ስልኩን ተጫነችና ሌላውን ሁሉ ሰው እንደጠየቀችው ጠየቀቻት።

«ስንት ሰው ይኖራል?»

«ስንት ብል ነው ጤና ጣቢያው ወደ እኔ ጠጋ የሚለው?»

«አይጠጋም እማማ።»

«እንግዲያው ሦስት በይ።»

«ማን ማን?»

«እኔ። እሱ። አንቺ።»

ሚስቴ ጣቷን ስልኩ ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች። «እኛ እኮ እዚህ አናድርም» አለች። «እዚህ የሚያድር ብቻ ነው የሚጻፈው።»

«እንዳታድሩ ማን ከለከላችሁ?»

የከለከለችን ራሷ ናት። ግን ይህን ለማስታወስ ጊዜው አልነበረም፣ እኔም እንደዚያ ያለ ድፍረት የለኝም። ሚስቴ ብዙ ካሰበች በኋላ «አንድ» ብላ ጻፈች። እናቴ ወደ እኔ ዞራ፣ «ደረቅ ናት ብዬህ አልነበር?» አለች። ዓይኗ ግን እምባ አቅርሮ ነበር።

የተከራየነውን ቤት ለቅቀን ዕቃችንን ይዘን የመጣን ዕለት፣ ፍራሹን አናቴ ላይ ተሸክሜ በሩ ጋ ስደርስ መንገዱ ተዘጋብኝ። ሚስቴ ስልኳን አውጥታ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«ኧረ ግቢ! ምን ይገትርሻል?» አለች እናቴ ከውስጥ።

«አንዴ እማማ፣ ሳተላይቱ አልያዘልኝም» አለች ሚስቴ።

ከፍራሹ ሥር አጮልቄ አየሁ። ሳተላይቱ ይዟል። ቁጥሩም ሦስት ሆኗል። እሷ ግን እምባዋን እየጠረገች ነበር።